ጥቁሩ ላፕቶፕ ቢቸና እስኪገባ

ከቢቸና የወጣሁት ሰማዩ ገና ሳይገለጥ ነው። አባቴ ባሕር ዳር ሥራ ልፈልግ የምሄድ መስሎት ማታውኑ መርቆኝ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዬን ይዛ የመጣችው ታናሽ እኅቴ ውባለም ናት፤ የምሄደው ሱዳን መሆኑን የምታውቀውም እሷ ብቻ ነበረች። በሞጣ በኩል የሚያልፈው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ያጓራል፤ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጆንያ ያስራል፤ እኔ ብርዱ ይሁን ፍርሃቱ እንጃ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ውባለም ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ አጠገቤ ቆማለች።

"ስትደላደል እኔንም ትወስደኛለህ አይደል?" አለችኝ።

"እወስድሻለሁ" አልኋት። ምን ልበል? አውቶቡስ በር ላይ ቆሞ እኅቱን እምቢ የሚል ሰው አለ እንዴ?

አገር ቤት ያላችሁ ወገኖቼ፣ እንደኔ ካርቱም ተቀምጣችሁ "ለቤተሰብ ምን ልላክ" እያላችሁ የምትጨነቁም፣ ይህን የምጽፍላችሁ ያች አንዲት ቃል በኋላ ስንት ጭንቅ እንዳመጣችብኝ እንድታውቁልኝ ነው። ነገሩ የላፕቶፕ ምርጫ ነው። አትሳቁ፤ እኔም ቢነግሩኝ ኖሮ እስቅ ነበር።

ሞጣን በጠዋት፣ ባሕር ዳርን ከቀትር በኋላ አለፍሁ። ከመተማ ወዲያ ያለውን ግን እንዲህ በቀላሉ አላወራውም። አንድ ፒካፕ ላይ እንደ ማገዶ ተደራርበን ስንጓዝ ከደብረ ኤልያስ የመጣች ልጅ ከጎኔ ነበረች። ሙቀቱ ጣላት። ዓይኗ ተገለበጠ። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ "አውርዷት፣ ሌላ ሰው ያነሣታል" አለ። በዚያ በረሃ የሚያነሣት ሌላ ሰው ማን እንደሆነ እሱ ይወቅ! ለመንነው፣ ሁለት ሰዎች ልብሷን አንቀን ያዝናት፣ በመጨረሻ ተሳድቦ ነዳ። ካርቱም ስንገባ ወደ አንድ ግቢ አስገቧት፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ውባለም በስልክ "መቼ ልምጣ" ባለችኝ ቁጥር ፊቴ ላይ ድቅን የምትለው ያች ልጅ ናት።

ካርቱምን የሚያውቃት ያውቃታል። ቢቸና ሐምሌ ላይ ጭቃው ጫማ ያስቀራል ብለን እናማርር የለ? እዚህ ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሳ እጅህን ዘርግተህ ጣትህን አታያትም፤ ጥርስህ መሐል ሳይቀር አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ኪስራ የሚሉት ምግብ አለ። ከሩቅ ሳየው እንጀራ መስሎኝ ደስታዬ ወሰን አጣ፤ ሳነሣው እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ የኛን የጤፍ እንጀራ የለመደ አፍ ምን ያድርገው?

መኖሪያ ፈቃድ ለማውጣት፣ ኢቃማ ይሉታል፣ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊው ቀና ሳይል፣

"ስም?" አለኝ።

"ሙሉቀን ይታይህ ተገኘ።"

"አራተኛው?"

"አራተኛ የለኝም። እኛ አገር በሦስት ነው የምንጨርሰው።"

"አራት ካልሞላ ኮምፒውተሩ አይቀበልም። አያትህ አባት አልነበረውም?"

ነበረው፤ ግን በዚያ ሙቀት፣ ከኋላዬ ሰው እየገፋኝ፣ የቅድመ አያቴ ስም ከየት ይምጣልኝ? "ቢቸና" አልሁት። እስከ ዛሬ መታወቂያዬ ላይ አገሬ ቅድመ አያቴ ሆና ተጽፋለች።

አከራዬ ደግሞ ሐጃ የምንላቸው ትልቅ ሴት ነበሩ። ገላዬን በታጠብሁ ቁጥር በሩ ላይ ይቆማሉ።

"አንተ ሐበሺ፣ ውሃዬን ጨረስህ!"

"ሐጃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አባይ እኮ የሚመጣው ከኛ አገር ነው።"

"እንግዲያው የአገርህ ውሃ ወንዙ ውስጥ አለልህ፤ ሂድና እዚያ ታጠብ!"

ሳልታጠብ ሰነበትሁ።

ሥራ ያገኘሁት ገበያው መሐል ዐም ኢድሪስ ከሚባሉ ሽማግሌ ሱቅ ነው። ዐም ማለት አጎት እንደማለት ነው። እሳቸው የአውሮፓ ቢሮዎች ተጠቅመው ያስወገዷቸውን ላፕቶፖች በዱባይ በኩል እያስመጡ ይሸጣሉ። መጀመሪያ ወለል ጠራጊ፣ ቀጥሎ አቧራ አራጋፊ፣ ቀጥሎ ብሎን ፈቺ ሆንሁ። ሊኑክስንም የተዋወቅሁት እዚያው ነው። ለማያውቀው፣ ሊኑክስ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን፣ በነጻ የሚገኝ ሲስተም ነው። ያን ጊዜ ሱዳን ማዕቀብ ላይ ስለነበረች ብዙ ፕሮግራም በሕጋዊ መንገድ አናገኝም፤ ሊኑክስን ግን ማንም አልከለከለንም። አማርኛም ይጽፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በፍላሽ እየተዛመተ የሰው ጽሑፍ የሚበላው ያ ሁሉ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ ሲደርስ አቅም ያጣል።

ይህ የቫይረስ ነገር ለኛ ቤት ቀልድ አልነበረም። ውባለም ከቴክኒክና ሙያ በኮምፒውተር ተመርቃ ቢቸና መናኸሪያ አጠገብ ከአንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ተቀጥራ ነበር። ደንበኛው ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹም በሽታውን ይዞ ይመጣል። አንድ ቀን የአንድ መምህር የመመረቂያ ጽሑፍ ድራሹ ጠፋ። መምህሩ ጮኸ፤ መንገደኛው ተሰበሰበ፤ የቤቱ ስም ጠፋና ባለቤቱ ዘጋው። ውባለም እቤት ቁጭ አለች። ጥቂት ቆይታ ደወለችልኝ።

"ሞጣ አንድ ደላላ አለ። ከፋሲካ በኋላ በመተማ ያሻግረኛል" አለችኝ።

የያዝሁትን ብሎን መፍቻ አስቀምጬ ከሱቁ ወጣሁ።

"አትምጪ።"

"ቃል ገብተህልኝ ነበር እኮ።"

"ውብዬ ስሚኝ፤ መንገዱን አታውቂውም።"

"አንተ አልፈኸው የለ? እኔ ምኔ ያንሳል?"

የደብረ ኤልያሷን ልጅ ነገርኋት። ወዲያውም "የራስሽን ጽሕፈት ቤት ክፈቺ፤ ላፕቶፕ እኔ እልክልሻለሁ" አልሁ።

"እሱም እስኪበላሽ ነው። ከዚያስ?"

"የማይበላሽ እልካለሁ።"

"የማይበላሽ ዕቃ አለ?"

"ቢበላሽ የሚጠገን እልካለሁ። ቫይረስ የማይደፍረው። አንቺ ብቻ ጠብቂኝ።"

በመጨረሻ ተስማማን። የደላላው መኪና ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው ሐሙስ ከሞጣ ይነሣል። እስከዚያ ላፕቶፑ ደርሶ ከሠራ ትቀራለች፤ ካልደረሰ ወይም ደርሶ ካልሠራ ትሄዳለች። ውባለም ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም።

ምርጫው ሁለት ላይ ወደቀ። አንደኛው ብርማ፣ ስስ፣ አዲስ፣ ከነካርቶኑ ነው። ሁለተኛው ጥቁር፣ ወፍራም፣ ጀርባው የተፋቀ፣ የሆነ ቢሮ ዓመታት ያገለገለበት ነው። አገር ቤት የሚላክ ዕቃ እንዴት መሆን እንዳለበት መቼም ታውቃላችሁ፤ ከነካርቶኑ፣ ከነላስቲኩ ነው። ከውጭ የመጣ ቴሌቪዥን ላስቲኩን ሳያነሡ ዓመት ሙሉ የሚያዩ ጎረቤቶች ነበሩን። አብሮኝ የሚኖረው ካሳሁን፣ የጉንደ ወይን ልጅ ነው፣ ጥቁሩን ሲያይ በሳቅ ፈረሰ።

"ሰልባጅ ልትልክ ነው? ለእኅትህ? ስደት ወጥቶ ከሰረ ይሉሃል!"

"ይበሉኝ" አልሁት። አፌ እንዲያ አለ እንጂ ሆዴ ፈርቷል።

ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ሁለቱንም ምንም ሳልጭንባቸው ከፍላሹ አስነሣኋቸው። ላፕቶፕ የምትገዙ ሁሉ ይህን ሳታደርጉ ገንዘባችሁን አታውጡ። ብርማው ተነሣ፤ ዋይፋዩን ግን ሊኑክስ አላውቀውም አለ። ባትሪው ውስጡ በሙጫ ተለጥፏል፤ ሚሞሪው ከቦርዱ ጋር ተበይዷል፤ አንዱ ቢሄድ ሁሉም መሄዱ ነው። ጥቁሩን አስነሣሁት፤ ዋይፋይ አለ፣ ድምፅ አለ፣ ከድኜው ስከፍተው ካቆመበት ይቀጥላል። ባትሪው ቀጭ ብሎ ይወጣል፤ ሆዱ በአንድ ብሎን መፍቻ ይከፈታል። የሱ ዓይነት እልፍ ስለተሠራ ኪቦርዱም ቻርጀሩም ባሕር ዳር ድረስ አይጠፋም። ዓመታት ስለቆየም ሊኑክስን የሚሠሩት ሰዎች አመሉን ጠንቅቀው ያውቁታል። ማጠፊያው ብረት ነው፤ በአንድ ጥጉ ይዤ ባነሣው ጭጭ አለ። መብራት በቀን ስንቴ ለሚሄድበት አገር፣ በባጃጅ ለሚንገላታ ዕቃ፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? እያንዳንዷን የኪቦርድ ቁልፍ ነቅዬ በብሩሽ ጠረግሁ፤ አዲስ ባትሪ አደረግሁለት፤ ሊኑክስን ከነአማርኛው ጫንሁበት።

ዕቃውን የወሰዱልኝ ጋሼ ኑሩ ናቸው፤ ከካርቱም ልብስ እያመጡ ሞጣ የሚሸጡ፣ አባቴንም ከድሮ የሚያውቁ ነጋዴ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ሰጠኋቸው። መተማ ሲደርሱ ደወሉ። ፈታሹ አስቁሟቸው ኖሯል።

"'ይሄ ምንድን ነው?' አለኝ። 'ያገለገለ ላፕቶፕ' አልሁት። 'ከውጭ አገር አሮጌ ዕቃ የሚያመጣ ሰው አለ? አዲሱን የት ደብቀኸው ነው?' ብሎ ሻንጣዬን ሁሉ አተረማመሰው!"

ሳቅ መጥቶብኝ ነበር፤ ሳቁ አልወጣ አለኝ። ፋሲካ አልፏል።

ጋሼ ኑሩ ሞጣ በሰላም ገቡ። ዕቃውን ሊቀበል ከቢቸና የሄደው አባቴ ነው። አባቴ የከብት ነጋዴ ነው፤ ቢቸና ገበያ ላይ ቃሉ የታፈረ። ካርቱም መሆኔን ካወቀ በኋላ ብዙ ወራት አኩርፎኝ ነበር፤ ይህን ዕቃ ሊቀበል በመሄዱ ታረቀኝ ብዬ ደስ አለኝ። በማግሥቱ ውባለም ደወለች።

"ወንድሜ፣ ይሄ የላክኸው ብርማው ላፕቶፕ ቫይረስ ገባበት እኮ።"

"የቱ ብርማ?"

እንዲህ ሆኖ ነው ለካ። ጋሼ ኑሩ ዕቃውን ሰጥተው ወደ ሥራቸው ሄዱ። አባቴ ብርድ ልብሱን ሲፈታ የተፋቀ፣ ያረጀ ነገር አየ። ሞጣ አደባባይ ላይ፣ በሰው ፊት። የልጁ ስም የጠፋ መሰለው። ሰው ሳያይበት ብሎ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባና፣ በኪሱ ያለውን ጨምሮበት፣ ጥቁሩን ሰጥቶ ከነካርቶኑ የሚያብረቀርቅ ብርማ ተቀበለ። እኔ የተውሁትን ዓይነት! ውባለም እንዳለ ልትሠራበት ሞከረች፤ በመጀመሪያው ደንበኛ ፍላሽ ቫይረስ ገባበት። በስልክ እየነገርኋት ሊኑክስ አስጫንኋት፤ ዋይፋዩ የለም፣ ባትሪውም ስለማይዝ መብራት ሲሄድ አብሮ ድርግም ይላል።

"ሻንጣዬን ሸክፌያለሁ" አለችኝ። ጊዜው ማክሰኞ ነበር።

አባቴ ዘንድ ደወልሁ። በቁጣ ነበር የደወልሁት፤ ድምፁን ስሰማ ቁጣዬ በነነ።

"አባባ፣ ምነው ሳይጠይቁኝ ለወጡት?"

"ልጄ ሰልባጅ ላከ እንዲባል ነው የምትፈልግ? አታለውህ ነው ብዬ ሸፈንሁልህ!"

"ሸፍነውልኝ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አባባ፣ በሬ ሲገዙ የቆዳውን ልስላሴ አይተው ነው?"

"እሱማ ከጫንቃው ነው የሚታይ። ቀንበር ያልለመደ እንደሁ ምን ያደርጋል?"

"እኔ የላክሁት ቀንበር የለመደ በሬ ነው። እርስዎ የተቀበሉት ወይፈን ነው።"

ለከብት ነጋዴ ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

"ጫንቃው የተፋቀው ለዚያ ነው?" አለኝ።

"ለዚያ ነው አባባ። ውባለም ሐሙስ ልትሄድ ነው። በበረሃው መንገድ።"

ይህን አያውቅም ነበር። ጥቁሩን ሄዶ እንደሚያስመልስ ነገረኝ፤ እኔም እንዲያግዙት ለጋሼ ኑሩ ደወልሁላቸው።

ሐሙስ ዕለት አባቴና ውባለም ከቢቸና በአንድ አውቶቡስ ወደ ሞጣ ሄዱ፤ እሱ ብርማውን ላፕቶፕ፣ እሷ ሻንጣዋን ይዘው። ጥቁሩ ከተገኘ ትመለሳለች፤ ካልተገኘ የደላላው መኪና ላይ ትወጣለች። አባቴ "አትሄጅም" ብሎ ሊያስቀራት አልሞከረም፤ መሄድ የቆረጠ ልጅ ተደብቆም እንደሚሄድ እኔ አስቀድሜ አሳይቼዋለሁ።

እኔ ያን ጠዋት ሱቅ ውስጥ ነበርሁ። ገበያው በድንገት ተተረማመሰ፤ "ከሻ! ከሻ!" ተባለ። ከሻ ማለት ፖሊስ የውጭ ሰው እያፈሰ የሚጭንበት አሰሳ ነው። ዐም ኢድሪስ የሱቁን የብረት መዝጊያ ከውጭ ጎትተው እኔን ከውስጥ ዘጉብኝ። ጨለማው ውስጥ፣ በላፕቶፕ ሬሳዎች መሐል ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ኑሩ ናቸው።

"ሱቁ ደርሰናል፤ ሁለት ሽማግሌ ጨምሬያለሁ። ስልኩን አልዘጋውም፣ ስማ።"

ሰማሁ። ባለሱቁ "ሽያጭ ካለቀ አለቀ፤ ደግሞም ጥቁሩን ወድጄው ለራሴ ይዤዋለሁ" ይላል። ሽማግሌዎቹ ይለማመጡታል። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይነፋል፤ የሞጣው ይሁን የካርቱም ፖሊስ መለየት አቃተኝ። የኛን መዝጊያ አንድ ሰው በዱላ መታው። ስልኩን በመዳፌ ሸፍኜ ጆሮዬ ላይ አጣበቅሁት።

ከዚያ የአባቴ ድምፅ መጣ፤ ገበያ ላይ ዋጋ ሲጠራ እንደሚያደርገው ጮክ ብሎ ነው የተናገረው።

"ልጄ የላከልኝ ያገለገለ ዕቃ ነው። ያፈርሁበት እኔ ነኝ። ሁላችሁም ስሙ፤ ያን ያረጀውን ነው የምፈልግ። ልጆቼ አንድ በአንድ አለቁብኝ፤ ይችን አስቀሩልኝ።"

ስልኩ ተቋረጠ።

ደውዬ ማግኘት አልቻልሁም፤ ኔትወርኩ ጠፍቷል። ፖሊሶቹ ሄዱ፤ ዐም ኢድሪስ ከፈቱልኝ፤ ውሃ ሰጡኝ። ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ።

"ጉንደ ወይን ደርሰናል" አለች ውባለም።

"ከማን ጋር?" የደላላው መኪና ላይ ሆና ይሁን አይሁን አላውቅማ!

"ከአባባ ጋር ነዋ፤ ወደ ቢቸና እየተመለስን። ባለሱቁ እሺ ብሎ ጥቁሩን መለሰልን፤ አባባ ጭኑ ላይ አቅፎታል። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢለው 'በሬ ጣሪያ ላይ ይጫናል?' ብሎ ተጣላው።"

አለቀስሁ። ዐም ኢድሪስ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ለሙት የሚደገመውን ፋቲሓ ሊቀሩልኝ ተነሡ።

አሁን ውባለም መናኸሪያው አጠገብ የራሷ ጽሕፈት ቤት አላት። ጥቁሩ ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ቡና ተደፍቶበት ኪቦርዱ ተቀይሮለታል፤ ሌላ ምንም አልሆነ። ባለፈው እሑድ ደወልሁላት። የአባባን ጉልበት፣ የዘንድሮን ጤፍ፣ የመንገዱን አስፋልት፣ ሁሉን ነገረችኝ። ከበስተኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማኛል።

"ደንበኛ በዝቶልሻል" አልኋት።

"ሲቪ ነው የሚያጽፉ" አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። "ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ናቸው። የገቢዬ ግማሽ እነሱ ናቸው።"

"አትሂዱ በያቸው እንጂ!"

"እላቸዋለሁ። እያንዳንዷን እላታለሁ። 'አንቺማ ላፕቶፕ የሚልክ ወንድም አለሽ' ይሉኛል።"

ያች የደብረ ኤልያሷ ልጅ መጣችብኝ።

"አንተስ መቼ ነው የምትመጣ?" አለችኝ።

"ትንሽ ነገር ላስተካክል እንጂ..."

"አባባ ዘወትር ይጠይቀኛል። ቆይ፣ ይችን ልጅ ልጨርስላት" ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

የኪቦርዱ ድምፅ መጣ። አንድ በአንድ ነቅዬ በብሩሽ የጠረግኋቸው ቁልፎች ናቸው። ውባለም "ስምሽ? የአባት? የአያት?" እያለች ትጽፋለች፤ ልጅቷም ትመልሳለች፤ በር ላይ የሞጣ አውቶቡስ ረዳት ይጣራል። ያ ጥቁር ዕቃ እኔ በመጣሁበት መንገድ ተመልሶ ቢቸና ገብቷል፤ አባቴን በየቀኑ ያየዋል፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ቀናሁበት። ውባለም ስልኩን ረሳችው። እኔም ካርዴ እስኪያልቅ አልዘጋሁትም።